ቅቤ የቀባሁት መደገፊያ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 1

የማኪናዋ መደገፊያ አሥራ አንድ ሽንሽን ነው። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት። ትናንት ለሐጅ ኑሩ አሥር ነው ብያቸው ፈገግ አሉ፤ ዛሬ ገባኝ። አንዷ ሽንሽን ከጠርዙ ሥር ተሸጉጣ ተቀምጣለች። የሠራው ጣሊያን ተንኮለኛ ነበር። እኔ ግን እብሳለሁ፤ አገኘኋት።

የማታ ትምህርቱ ሲያልቅ መምህርታችን «በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጻፉ፤ ካልጻፋችሁ ፊደሉ ይሸሻችኋል፤ ደግሞ ውሸት አትጻፉ» ብላናለች። ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁት እኔ ስለሆንኩ መጻፍ አለብኝ። ውሸት አትጻፉ ስላለች፦ ሁለተኛ ነኝ። አንደኛ የወጣችው ሽንኩርት ሻጯ ናት፤ እሷን ግን ልጆቿ ያስጠኗት ነበር።

እንግዲህ ማኪናዋ። ጣሊያን ሠራሽ፣ ሁለት በር፣ ቀለሟ የወይን ጠጅ፣ ጣሪያዋ ሸራ ሆኖ ወደ ኋላ የሚታጠፍ። ሐጅ ኑሩ በጎልማሳነታቸው የገዟት ናት። ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ አባታቸውም አያታቸውም እዚሁ ጎንደር ጨርቅ ሲሸጡ ነው የኖሩት። ማኪናዋ ከመጋዘናቸው ውስጥ ስንት ዘመን ተሸፍና ቆማ፣ አሁን ሞተሯን መካኒክ አስነሣው፣ ላሜራዋን ቀቢ ቀባው። ውስጧ ቀረ። ውስጧ ሲቀር ማን ይጠራል? አበጀ ይጠራል። የማኪና ወንበር በማልበስ ከአዘዞ እስከ ትክል ድንጋይ የሚስተካከለኝ የለም።

ለዒድ በሷ ሊወጡ ይፈልጋሉ። ጨረቃ ከታየች የሚመጣው ሳምንት ዓርብ፣ ካልታየች ቅዳሜ።

እንዳልረሳ፦
ሽንሽኑ ወደ ታች ነው የሚሄደው፣ ወደ ጎን አይደለም።
ውስጡ ስፖንጅ አይደለም፤ የፈረስ ጭራ ነው። (ለጋሪ ነጂዎች ነግሬያለሁ። ጎንደር ውስጥ ጭራው ያጠረ ፈረስ ከታየ ተጠያቂው እኔ ነኝ።)
ስፌቱ በሁለት ጣት ስፋት ውስጥ ሰባት ጊዜ ይወጋል። ስድስት ቢሆን ሐጅ ያውቃሉ።
ክሩ ነጭ አይደለም፣ የሻይ ቀለም ነው።

ሌላው ሰፊ ቢሆን ላስቲክ ቆዳ ከስፖንጅ ጋር ወጥሮ በሁለት ቀን ያስረክብ ነበር። እኔ አላደርገውም።

አንድ ነገር አስጠንቅቀውኛል። ከአራቱ የወንበር ልብስ ሦስቱ ተበጣጥሶ አልቋል። ደህና የቀረው ከነጂው ጎን ያለው መደገፊያ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ታች ጥጉ ላይ ተቀዶ በአረንጓዴ ክር ተጥፏል፤ ሰባት ወፍራም ስፌት፣ ዶሮ የረገጠችው ይመስላል። ይህን ላጥፋልዎት ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«ሌላውን ሁሉ አፍርሰው አበጀ። ይህችን ግን ከቦታዋ እንዳታነሣት። እሷን እያየህ ሌላውን አስመስል፤ በቃ።»

እሺ አልኩ።


ረቡዕ፣ መጋቢት 2

መደገፊያዋን ፈታኋት።

ምን ላድርግ? ጥጉ ላይ የጠርዙ ገመድ እንዴት እንደሚታጠፍ ከፊት አይታይም። ከኋላው ካላየሁ ሌላውን በምን ላስመስል? ሐጅ ጾሙ አድክሟቸው ጋደም ብለው ነበር። አራት ብሎን ናት። በጆንያ ጠቅልዬ ወደ ሱቄ። ነገ ጠዋት ሳያዩ እመልሳታለሁ።

ልብሷን ገፍፌ ገልብጬ አየሁት። ሸጋ ሥራ ነው። ገመዱ ጥጉ ላይ ሳይቆረጥ በሦስት ትንንሽ ስንጥቅ ተለምጦ ይዞራል። ያን የሰፋ ሰው መቼም ሞቷል፤ ነፍሱን ይማር፣ እጁ እንደኔ ነበር።

ቆዳው ግን እንደ ቋንጣ ደርቋል። ስገለብጠው ቀጭ አለ፤ ልቤም አብሮ። እንዲህ እንደደረቀ ብመልሰው በዒድ ቀን ሰው ሲደገፈው ይሰነጠቃል። ቆዳ ሲደርቅ ምን ይደረጋል? ለቀባሪው አረዱት። ቅቤ ይቀባል። ደበሎ፣ ስልቻ፣ ጠፍር በቅቤ አይደል የሚለሰልሰው? ከየት ተማርከው የሚለኝ ካለ፣ ይተወው።

እኛ ቤት ጾም ነው። ባለቤቴ፣ ትሁን ትባላለች፣ ለፋሲካ ያለችው ቅቤ በቅል ሆኖ ከጓዳ ተቀምጧል፤ እስከዚያ ማንም አይነካው። ከላዩ አንድ ጭብጥ አነሣሁና አስተካክዬ መለስኩት። ቆዳው እንዴት እንደጠጣው! ለሰለሰ፤ እንደ ጆሮ ለሰለሰ። ጠቆር ብሏል፣ ግን ሲያድር ይመለሳል። ሱቅ ውስጥ ወንበር ላይ ዘርግቼ ቆልፌ ወጣሁ።

ሐጅ ሲያዩት እጄን ይመርቁታል።


ሐሙስ፣ መጋቢት 3

አይጥ።

ሱቁን ስከፍት ሁለቱ ሮጡ፤ ሦስተኛዋ ጠግባ ኖሮ እየተራመደች ነው የሄደችው።

ጾሙ ከገባ ወዲህ ቅቤ ያላየ የሰፈሩ አይጥ ሁሉ እኔ ጋ ገድፏል። ታችኛው ጥግ መዳፍ የሚያህል የለም። የሦስት ሽንሽን ጫፍ ተበልቷል። ከሰባቱ አረንጓዴ ስፌት ሦስቱ ከነቆዳው ሄደዋል። አራት ቀሩ።

ቁጭ አልኩ። ቁጭ ብዬ ሳለሁ የሐጅ የልጅ ልጅ ሰሚራ መጣች። ዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ታስተምራለች፤ ስለ ምንጣፉ ቀለም ልትጠይቀኝ ነው። ጆንያውን በላዩ ጣል አድርጌ በላዩ ተቀመጥኩበት።

አባባ መደገፊያዋን ቦታዋ ላይ አጥተው ጠይቀዋል አለችኝ። ለናሙና ወስጃት ነው፣ እንደ ዓይኔ ብሌን እየጠበቅኳት ነው አልኩ። ተቀምጬባት።

ከዚያ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። አረንጓዴውን የሰፉት አያቷ ወይዘሮ ዘይነባ ናቸው። የጨርቅ ነጋዴ ሚስት ሆነው መርፌ ይዘው አያውቁም ነበር አሉ። በአይከል መንገድ ማኪናዋ ተበላሽታ ቀኑን ሙሉ ሲቆሙ ወንበሩ ተቀዶ ያዩታል፤ ከሻሻቸው ጠርዝ ክር መዘው፣ ከአላፊ ሹፌር መርፌ ለምነው ሰፉት። ሐጅ ሲስቁባቸው «ጎንደር ስንገባ ባለሙያ ያስተካክለው» አሏቸው። ባለሙያ ሳይነካው ዓመታት አለፉ፤ እሳቸውም አረፉ። ከዚያ ወዲህ ሐጅ በዚያች ወንበር ሰው አያስቀምጡም። ከሰዓት በኋላ ከመጋዘኑ ገብተው በነጂው በኩል ተቀምጠው ይቆያሉ አለች። ምን እንደሚያደርጉ ማንም አይጠይቃቸውም።

«ነገርኩህ እንዳትል» አለችኝ ስትወጣ።

እኔ ምኑን እላለሁ?


ዓርብ፣ መጋቢት 4

አሰብኩ። እኔ አበጀ አይደለሁም? በእጄ ያልሰፋሁት አለ? ጥጉን በአሮጌ ቆዳ እቀጥለዋለሁ፣ ሦስቱን ስፌት እኔው እጨምራለሁ፣ ሰባት ይሆናል። የሐጅ ዓይን ደክሟል።

የሚያስፈልገኝ፦ አረንጓዴ የሐር ክር፣ ቀለሙ የሚመስል አሮጌ ቆዳ፣ የማይናገር አፍ።

ክሩን አራዳ አገኘሁት። አዲስነቱ እንዲጠፋ በሻይ ነክሬ ፀሐይ ላይ ሰቀልኩት። ሸጋ ሆነ። በቁራጭ ቆዳ ላይ ተለማመድኩ።

አልሆነም። ስፌቴ ኩሩ ነው። አጣምመዋለሁ ብዬ እጀምርና እጄ ሳላውቅ ያቃናዋል። ሃያ ዓመት ቀጥ አድርጎ የሰፋ እጅ ጠማማ ስፋ ሲሉት እንቢ አለ። ዓይኔን ጨፍኜ ሰፋሁ፤ ጣቴን ወጋሁ እንጂ ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው። እስከ ዛሬ ስኮራበት የኖርኩት ነገር አበሳዬ ሆነ።

ትሁንን ለመንኳት፤ አንቺ ስፊው፣ አንቺ እንደሆን ስፌት አትችይም ብዬ። ይህን ማለት አልነበረብኝም። ሰፋች። ጠማማ ነው፤ ግን የራሷ ጠማማ ነው። ወይዘሮ ዘይነባ ክሩን አጥብቀው እየሳቡ ቆዳውን ያኮማትሩታል፤ ትሁን ታላላዋለች። ጠማማነትም የየሰው ነው ለካ።

«ምነው ሄደህ ብትነግራቸው?» አለችኝ መርፌውን እያስቀመጠች።

አንቺ ነገር አታውቂም አልኳት።

«አንድ ነገር አውቃለሁ። ቅቤዬ ጎድሏል።»


ቅዳሜ፣ መጋቢት 5

ቆዳ ፍለጋ ዋልኩ። የሱቅ ቆዳ ሁሉ የፋብሪካ ነው፤ ያበራል፣ ቀለሙ ከላይ የተቀባ ነው። የመደገፊያዋ ቀለም ከውስጥ የወጣ ነው። በግራር ቅርፊት የለፋ ቆዳ ብቻ ነው እንዲህ የሚሆነው፤ ቀይ ዳማ፣ ሲያረጅ ወደ ቡና የሚያደላ። እንዲህ ያለ ቆዳ የት እንዳለ አውቃለሁ። ጠዋቱን ሳልዞር በፊት አውቅ ነበር።

ልጻፈው አልጻፈው? መምህርቷ ውሸት አትጻፉ አለች እንጂ ሁሉን ጻፉ አላለችም።

አባቴ ፋቂ ነበር።

ይኸው ተጻፈ። አራት ጊዜ ሰርዤ መልሼ ጻፍኩት።

እኛ አገር ቆዳ የሚያለፋ ሰው ምን እንደሚባል ማንም ያውቃል። ቡዳ ይባላል። ልጁን የሚያገባ የለም፣ ከዋንጫው የሚጠጣ የለም፤ ደበሎውንና ጠፍሩን ግን ሁሉም ይወስዳል። ጎንደር ስገባ የአርማጭሆ ገበሬ ልጅ ነኝ አልኩ። አባቴ ሦስት ጥማድ በሬ አለው አልኩ። አንድ ዓመት ሰው ሲበዛ አምስት ጥማድ አደረስኩት። ትሁን ታውቃለች። እናቷ አታውቅም።

ታላቄ አያ ፈንቴ ከትክል ድንጋይ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ላይ አሁንም የአባታችንን ሥራ ይሠራል። ከእናታችን ተዝካር ወዲህ አልተያየንም። ስድስት ዓመት።

መንገዱ ነገ ክፍት ነው አሉ።


እሑድ፣ መጋቢት 6

ሁለት ቦታ ወርደን ተፈተሽን። ሁለተኛው ፈታሽ ጆንያውን አስፈትቶ አሸተተና ምንድን ነው አለኝ። የአንድ ሽማግሌ ትዳር ነው ልለው ነበር። የወንበር ልብስ ነው አልኩ።

አያ ፈንቴ ሰንበት ስለሆነ ሥራ አልያዘም፤ ደጁ ላይ ተቀምጧል። ክንዱ እስከ ክርኑ ቅርፊት የነከረው ቡናማ ነው፤ የአባታችን ክንድ። ሲያየኝ አልተነሣም። ለምን መጣህም አላለኝ። ውኃ አቀረበልኝ። ጠጣሁ። ስጠጣ ዓይን ዓይኔን ያየኝ ነበር።

ቆዳውን ሰጠሁት። ሳያየው በፊት አሸተተው።

ይህን ቅቤ የቀባው ማነው አለኝ። አንድ ደደብ ሠራተኛ ነው አልኩ።

«ሠራተኛህ ግማሹን ነው የተማረው» አለ። ቅቤ የሚቀባው ለሚለበስ ቆዳ ነው፤ ሰው በየቀኑ በገላው ለሚያሸው። ተሰፍቶ ለሚቀመጥ ቆዳ የጉሎ ዘይት ከሰም ጋር ነው፤ ለዚያውም በጨርቅ ነክቶ። አባታችን ይህን ሁለተኛውን ሲያስተምረን የመንደሩ ልጆች እንዳያዩህ ቁልቋሉ ሥር ትደበቅ ነበር አለኝ። ቅቤውን ያየኸው ቤት ውስጥ ስለነበር ነው።

እውነት ነው። ተደብቄ ስለነበር ግማሹን አጣሁት።

ከዚያ የመጣሁበትን ነገርኩት። ጥጉን የሚቀጥል ቆዳ ስጠኝ፣ ስፌቱንም አሮጌ አስመስልልኝ፣ ሰውየው ሳያውቁ ነገሩ ይለፍ።

«ቆዳውን እሰጥሃለሁ አበጀ። ሽማግሌ የምታታልልበት ግን ከኔ ቤት አታገኝም። እኔን ለከተማው ገድለህ ቀብረኸኛል፤ ይሁን፣ ቻልኩት። አሁን ደግሞ በሞተች ሴት እጅ ልትሰፋ ነው?»

ቀልድ ፈለግኩ። አልመጣልኝም።

አደርኩ። ፍራሹን ለኔ ሰጥቶ እሱ አጎዛ ላይ ተኛ። ቅቤውን ማውጣት ይቻላል አለኝ፤ በደረቅ ነጭ አፈር፣ እየነሰነሱ፣ እያራገፉ፣ ጥላ ውስጥ ሦስት ቀን። ላንተ ግን አላምነውም፣ እኔው እመጣለሁ አለ።

ከኔ ጋር። ጎንደር። በቀን።


ሰኞ፣ መጋቢት 7

ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። አያ ፈንቴ በመስኮት እያየ ነበር፤ አይቷታል። እኔም እንዳላወቅኩት ሰው ትንሽ ፈቀቅ ብዬ ነበር። ይህንንም ጻፍኩት።

ሱቅ ቀድመን እንግባ አልኩት። አይሆንም፣ መጀመሪያ ባለቤቱ ዘንድ አለኝ።

ሐጅ ኑሩ ግቢያቸው ውስጥ ወንበር ላይ ነበሩ፤ ከንፈራቸው በጾም ደርቋል። ሰሚራ አጠገባቸው ቆማለች። ጆንያውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ አያ ፈንቴን ከራስ እስከ እግሩ አዩት።

«ይህ ሰው ማነው?»

ቆዳ ሻጭ ነው የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ለዚያውም ውሸት አልነበረም፤ ግማሽ ነበር።

«ወንድሜ ነው ሐጅ። ታላቄ። ፋቂ ነው፤ አባታችንም ፋቂ ነበር። እኔም የገበሬ ልጅ አይደለሁም።»

አንዱ ከወጣ በኋላ ሌላው ተከታትሎ ወጣ። አትንካት ያሉኝን እንደፈታሁ፣ ቅቤ እንደቀባሁ፣ አይጥ እንደበላው፣ ሰሚራን እንደዋሸሁ፣ በወይዘሮ ዘይነባ ስፌት ላይ ልጨምር እንደነበር፣ እጄ እንቢ እንዳለ። ሰሚራ ወደ መሬት ታያለች።

ሐጅ ቆዳውን ጭናቸው ላይ ዘረጉት። አረንጓዴውን በአውራ ጣታቸው አንድ አንድ እየነኩ ሄዱ። አራተኛው ላይ ጣታቸው ቀጥሎ ባዶው ላይ ወደቀ፤ እዚያ ቆየ። ከዚያ ቆዳውን አንሥተው አሸተቱት።

«ቅቤ ነው?»

«ቅቤ ነው።»

«ጾም አይደላችሁም እንዴ?»

«ጾም ስለሆነ ነው የተረፈው» አልኩ። አያ ፈንቴ እግሬን ረገጠኝ።

አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ቆዳውን አጣጥፈው ወደ እኛ ዘረጉት፤ ለመቀበል እጄን ስሰድ ለኔ አልሰጡትም። አለፉኝና ለአያ ፈንቴ ሰጡት።

«ሂዱ» አሉ።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 8

የሐጅ ቃል የለም። ሥራውን ቀጥል ያለኝ የለም፣ ተው ያለኝም የለም።

አያ ፈንቴ ሱቄ ደጃፍ ላይ፣ ጥላው ጋ፣ ቆዳውን ዘርግቶ ነጭ አፈሩን እየነሰነሰ ያራግፋል። ወደ ውስጥ ግባ አልኩት፤ ነፋስ ይፈልጋል አለኝ። መንገደኛው ሁሉ ያየዋል።

ጎረቤቴ ጎሚስታው መጣ። ዘወትር ጠዋት ጎማ ሲነፋ ቆይቶ ከኔ ፔርሙስ ሻይ ይጠጣል። ያ ሰውዬ ምንህ ነው አለኝ። እኔ ጉሮሮዬን ስጠርግ አያ ፈንቴ ከደጅ ሆኖ «ወንድሙ ነኝ፣ ቆዳ አለፋለሁ» ብሎ ራሱ መለሰለት። ጎሚስታው ሳቀ፤ የኔ ቀልድ መሰለው። ከዚያ እንዳልሳቅኩ አየ። ሻይ ቀዳሁለት። ከቤት ጠጥቼ ነው የወጣሁት አለኝ።

እስከ እሑድ የትሁን እናት ትሰማለች። የቤቱ አከራይም ይሰማል። የማታ ክፍል ጓደኞቼ ይሰማሉ።

ሦስቱን ሌሎች ልብሶች ሰፋሁ፤ ሐጅ ባይፈልጉትም የጀመርኩትን አልተውም። ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት እየቆጠርኩ። ቀኑን ሙሉ አልቀለድኩም። ትሁን አሞህ ነው ወይ አለችኝ።


ረቡዕ፣ መጋቢት 9

ሰሚራ መጣች። አልተቀመጠችም። አባባ የላኩትን ቃል በቃል ነገረችኝ፦

«ወንድምየው ያጽዳት፣ አበጀ ይስፋት። አረንጓዴ ክር ግን እንዳይጨምር።»

ሌላስ አላሉም አልኳት። አላሉም አለች። ዓይኗ ግን እንደ ሰኞው አይደለም፤ ወይ እኔ እንዲህ እንዲሆን ፈልጌ ነው።

ቅቤው አብዛኛው ወጥቷል። ጥቁረቱ በአንድ በኩል ትንሽ ቀርቷል፤ አያ ፈንቴ ይህ ከእንግዲህ አይለቅም፣ አብሮ ይኑር አለ። ከዚያ ካመጣው ቆዳ የመዳፍ ሁለት እጥፍ ቆረጠ፤ የፍየል ነው፣ በግራር የለፋ። ከሥር አስገባነው፤ አይጥ የበላው ጠርዝ በላዩ እንዳለ ተኛ። እኔ ጠርዙን በመቀስ ላስተካክለው ስል እጄን ያዘኝ። የተረፈውን ደግሞ አንተ ልትበላው ነው ወይ አለኝ።

በስፌት ማኪና ሊሰፋ አይችልም፤ አሮጌ ቆዳ አዲስ ቀዳዳ ሲበዛበት እንደ ወረቀት ይቀደዳል። በእጅ፣ በድሮዎቹ ቀዳዳዎች ውስጥ። አያ ፈንቴ በወስፌው ቀዳዳውን እየፈለገ ይከፍታል፣ እኔ መርፌውን አሳልፋለሁ። አንድ አዲስ ቀዳዳ አልበሳሁም። አንድም። ይህ ጉራ አይደለም፤ ቢፈልግ ማንም መጥቶ ይቁጠረው።

ከእሱ ጋር ስሰፋ በሕይወቴ መጀመሪያዬ ነው። ስፌትህ ቀጥ ያለ ነው አለኝ። ብዙ ሰው ብሎኛል። የሱ ግን ለየት አለብኝ፤ ለምን እንደሆነ መጻፍ አልቻልኩም።


ሐሙስ፣ መጋቢት 10

ሁሉም ገባ። ሞላዎቹ ተጠገኑ፣ የፈረሱ ጭራ ተፍታቶ ተሞላ፣ የበሮቹ ልብስ በማስቲሽ ተለጠፈ፣ ምንጣፉ ተዘረጋ። አንዱ በር ጥጉ ላይ ትንሽ ተነፋብኝ፤ ፈትቼ መልሼ ሠራሁት። መደገፊያዋን በመጨረሻ አሰርኳት። አራት ብሎን።

ከሩቅ ሲያዩዋት አዲስ ናት። ከቅርብ ሲያዩዋት ያች ጥግ አለች፤ የተበላው ጠርዝ፣ ከሥሩ የአያ ፈንቴ ቀይ ቆዳ፣ አራት አረንጓዴ ስፌት ከዚያ ምንም። ዓይን ወደ እሷ ነው የሚሄደው። በዕድሜዬ እንዲህ የሚታይ ጥፋት አስረክቤ አላውቅም።

ሐጅ ከመጋዘኑ በር ላይ ቆመው አዩ። አልገቡም። አያ ፈንቴን ብቻ፣ ነገ አትሂድ አሉት።

ጨረቃ ታየች አሉ። ነገ ዒድ ነው።


ዓርብ፣ መጋቢት 11

ከሶላት ሲመለሱ ሸራውን እንድናጥፍ ተጠርተን ነበር። ሰሚራ በነጂው ቦታ ገባች። ሐጅ በነጭ ጀለቢያቸው ማኪናዋን ዞሩ፤ ከኋላ የሚቀመጡ መስሎኝ ወንበሩን ላጥፍላቸው ሄድኩ። እሳቸው ግን ከነጂው ጎን ያለውን በር ከፍተው፣ ማንንም በማያስቀምጡበት ወንበር ራሳቸው ተቀመጡ። ሰሚራ መሪውን ይዛ ቀረች።

ተደገፉ። ቆዳው ጮኸ፤ እንደ አዲስ ጫማ። እኔ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

«ይጮሃል» አሉ።

«የኔ ቆዳ ነው ሐጅ፣ አዲሱ» አለ አያ ፈንቴ። «ሰው ሲቀመጥበት ይተዋል።»

እጃቸውን ወደ ኋላ አዙረው ጥጉን ፈለጉ። አገኙት። እጃቸው እዚያው እንዳለ ሰሚራን ሂጂ አሏት። ሄዱ። በግቢው በር ሲወጡ ልጆች ጮሁ፤ ሐጅ ወደ ኋላ አልዞሩም።

እስኪመለሱ በረንዳው ላይ ተቀመጥን። የቤቱ ሴቶች ለእኛ የጾም ለብቻ ሠርተው ነበር፤ ምስር፣ ጎመን። በአንድ ትሪ አቀረቡልን። ያቀረበችልን ሴት ከአያ ፈንቴ እጅ የውኃውን ብርጭቆ ተቀብላ እዚያው ደግማ ቀዳችለት። እሱ አላስተዋለም ልበል? አስተውሏል፤ ቀስ ብሎ ነው የጠጣው።

አዘዞ ድረስ ነድተው ሲመለሱ ሐጅ አያ ፈንቴን ወደ ውስጥ ጠሩት። የአባታቸው ቁርኣን ማኅደሩ አርጅቶ ኖሮ፣ በቆዳ ትሠራልኛለህ ወይ አሉት። እሠራለሁ ብሏል። እኔ ደጅ ሸራውን እየመለስኩ ነበር። ሲወጣ ስለ እኔ ምን አሉ አልኩት። ስላንተ አላነሡም አለኝ።

ለትሁን ነገርኳት። የሚያባርር ሰው ያባርራል እንጂ ዝም አይልም አለች። ጎሚስታው ዛሬም ሻይ አልጠጣም፤ ግን ከበሩ ሆኖ ማኪናዋ አምራለች ብሏል። ሁለቱን አንድ ላይ ሳደርጋቸው ድምራቸው አይወጣልኝም።

አንድ ነገር አለ። ማኪናዋ ዝቅ ያለች ናት፤ ሐጅም ጉልበታቸው ደክሟል። ሊወርዱ ሲሉ በሩን ከፈትኩላቸው። የበሩን እጀታ መያዝ ይችሉ ነበር፤ ሰሚራም እጇን ዘርግታላቸው ነበር። እሳቸው የያዙት ትከሻዬን ነው። ከወረዱ በኋላም ትንሽ ቆይተው ነው የለቀቁት። ጉልበታቸው እስኪጸና ይሁን ለሌላ፣ አልጠየቅኳቸውም።